ስህተት ሳንቲም ነው ወይስ እጅ የነካው? ደረጃ በደረጃ የመለያ መመሪያ

ጅማ ውስጥ ሳንቲም የሚሰበስብ ሰው ብዙ አይደለም። ስለዚህ አንድ ሰው ቤቱ ውስጥ ቅርጹ የተለየ ሳንቲም ሲያገኝ ፎቶው ዞሮ ዞሮ እኔ ጋ ይደርሳል። ከሂርማታም ይላካል፣ ከፈረንጅ አራዳም ይላካል፣ ገጠር ካለ ዘመድም ይላካል። ጥያቄው ግን ሁሌ አንድ ነው፦ «ይሄ ስህተት ነው አይደል? ስንት ያወጣል?»

ስህተት ሳንቲም የሚባለው ማተሚያ ቤት ውስጥ ሲሠራ ተበላሽቶ የወጣው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን የሚላክልኝ ስህተት አይደለም። ሳንቲሙ ከማተሚያ ቤት ጤነኛ ሆኖ ወጥቶ በኋላ የተጎዳ ነው። የሚያሳዝነኝ ሌላው ነው። አንዳንዱ እውነተኛ ስህተት ይዞ በአመድ ፈትጎ ያበላሸዋል። አንዳንዱ ደግሞ በሞርሳ (ብረት ጨምቆ በሚይዝ መሣሪያ) የተሠራ ሳንቲም በደህና ገንዘብ ይገዛል። ሁለቱም የሚሆኑት ከዋጋ ስለሚጀመር ነው። ከዋጋ አትጀምሩ። ከዚህ ጥያቄ ጀምሩ፦ «ይህንን ማሽኑ ሊሠራው ይችላል?» መልስ ካጣችሁለት ጉዳት ነው ብላችሁ ያዙት።

ከመጀመራችሁ በፊት

እነዚህን አዘጋጁ፦

- አሥር እጥፍ የሚያጎላ ማጉያ። ሰዓት ሠሪዎች ዓይናቸው ላይ የሚያደርጉት ዓይነት በቂ ነው። የስልክ ካሜራ ለፎቶ እንጂ ለመለየት አይሆንም፤ ምስሉን ራሱ እያስተካከለ ያሳስታችኋል።
- ትንሽ ማግኔት። ከተበላሸ ስፒከር የወጣም ይሆናል።
- ግራም ከነክፋዩ የሚያነብ ሚዛን። ከሌላችሁ ወርቅ ቤት ሄዳችሁ አስመዝኑ።
- ከጎን የሚበራ አንድ መብራት።
- አምስት ጤነኛ ሳንቲሞች። ዓይነታቸውም ዓመታቸውም ከያዛችሁት ጋር አንድ ይሁን። ይሄን አትዝለሉ። ሰው የሚሳሳተው ጤነኛውን ቀርቦ አይቶት ስለማያውቅ ነው።

ጠረጴዛው ላይ ለስላሳ ጨርቅ አንጥፉ። ሳንቲሙን በጠርዙ ያዙት፤ ፊቱን በጣት አትንኩ።

ማስጠንቀቂያ፦ አትጠቡት፣ አትፈትጉት

አመድ፣ ሎሚ፣ አሸዋ፣ ኦሞ፣ የሽቦ መፈተጊያ፣ የጥርስ ሳሙና፦ አንዱንም አትጠቀሙ። ማጉያው ስር ማስረጃ የሚሆኑት ጥቃቅን መስመሮች የሚጠፉት በዚህ ነው። የጅማ ቀይ አፈር ፊደሉ ውስጥ ገብቶ ከደረቀ ሳንቲሙን በተጣራ ውሃ አንድ ሁለት ቀን ዘፍዝፉት። ከዚያ አውጥታችሁ ጨርቅ ላይ አስቀምጡትና በራሱ ይድረቅ። የዛገ ከሆነ ግን አትዘፍዝፉት፤ እንዳለ ተዉት።

የተጣራ ውሃ ለመኪና ባትሪ የሚሸጠው ነው። ስትገዙ ግን ተጠንቀቁ። ያው ሱቅ የባትሪ አሲድም ይሸጣል፣ ጠርሙሱም ሊመሳሰል ይችላል። «ውሃው ነው፣ አሲዱ አይደለም?» ብላችሁ ሳትጠይቁ አትውጡ። አሲድ ሳንቲሙን ብቻ ሳይሆን እጃችሁንም ይበላል።

ቀድማችሁ ፈትጋችሁት ከሆነስ? በቃ፣ እዚያ ላይ አቁሙ። መልሶ ለማጥቆር ወይም ለማደብዘዝ አትሞክሩ። መለየቱን ግን መቀጠል ይቻላል፤ ትላልቆቹ ምልክቶች አይጠፉም።

ማሽኑ የሚሠራውን እወቁ

አራት ነገር ብቻ ያዙ። መጀመሪያ ከብረት ዝርግ ላይ ባዶ ክብ ይቆረጣል። ቀጥሎ የክቡ ዳር ተጨምቆ ትንሽ ከፍ ይላል። ከዚያ ባዶው ክብ አቃፊ ቀለበት ውስጥ ይገባል። በመጨረሻም ከላይና ከታች ያሉ ሁለት ማኅተሞች በአንድ ምት ይመቱታል፤ የሁለቱ ፊት ምስልም የጠርዙ ጥርስም በዚያ ምት ይወጣል።

እውነተኛ ስህተት ከእነዚህ በአንዱ ላይ የተፈጠረ ነው፦ ባዶው ክብ ላይ፣ ማኅተሙ ላይ፣ ወይም ምቱ ላይ። ከዚህ ውጪ ስህተት የለም።

ደረጃ 1፦ በእርግጥ የተለየ መሆኑን አረጋግጡ

ሳንቲሙን ከአምስቱ ጤነኞች ጎን አስቀምጡት። «ስህተት» የተባለው ነገር አምስቱም ላይ ካለ ስህተት አይደለም፣ ዲዛይኑ ነው። እዚህ ጋ የሚደናገሩባቸው ነገሮች ብዙ ናቸው፦

*ማግኔት የሚስበውና የማይስበው።* 1969 ዓ.ም. የተጻፈባቸው 25 እና 50 ሳንቲሞች የመዳብና የኒኬል ቅይጥ ናቸው፤ ማግኔት አይስባቸውም። ኋላ የወጡት ግን ብረት ላይ የተለበጡ ስለሆኑ ይሳባሉ። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ማግኔቱ የሚጠቅማችሁ ዓመቱን አንብባችሁ ስትጠቀሙበት ነው። ዓመቱ የተጻፈው በግዕዝ ቁጥር ስለሆነ ፲፱፻፷፱ን ለይታችሁ እወቁት።

*ጥርሳም ጠርዝ ያለው 25 ሳንቲም።* የአፄ ኃይለ ሥላሴ ምስል ያለበት የ1936ቱ 25 ሳንቲም ክብ የሆነም አለ፣ ዙሪያው እንደ አበባ የተቆራረጠም አለ። አበባማው ሰው የቆረጠው ይመስላል፤ ግን በይፋ የወጣ ነው።

*የምኒልክ አንበሳ።* በአፄ ምኒልክ የብር ገንዘቦች ላይ አንበሳው ግራ የፊት እግሩን ያነሳበትም ቀኝ የፊት እግሩን ያነሳበትም አለ። ይሄ ሰብሳቢ የሚመዘግበው የዓይነት ልዩነት እንጂ ስህተት አይደለም።

*የማርትሬዛ 1780።* አያቶቻችን የተገበያዩበት ማርትሬዛ ሁሉ 1780 ይላል። ምስሏ ያለበት የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው በዚያ ዓመት ነው፤ አቆጣጠሩ የፈረንጆች ነው። ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ሲታተምም ዓመቱ አልተቀየረም። «ዓመቱ ተሳስቷል» ብሎ ዋጋ የሚጨምርባችሁን አትስሙ።

*ጀርባው የዞረ።* አንዱን ፊት ቀጥ አድርጋችሁ ሳንቲሙን ወደ ጎን ገልብጡት። ጀርባው ምን ያህል እንደዞረ እዩ። ከዚያ አምስቱን እንደዚያው ገልብጡ። የእናንተው ብቻ የዞረ ከሆነ ማኅተሙ ዞሮ ነበር ማለት ነው፤ ይሄ እውነተኛ ስህተት ነው። አምስቱም ከዞሩ ምንም አልተፈጠረም።

ደረጃ 2፦ ጉብ ያለ ነው ወይስ የጎደጎደ?

አንድ ደረጃ ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ይሄን ሥሩ። መብራቱን ከጎን አድርጉ። ማጉያውን ዓይናችሁ ላይ አስጠጉ። ከዚያ እንግዳ የሆነውን መስመር ወይም ነጥብ እዩ፤ ከሜዳው (ምስልና ፊደል ከሌለበት ጠፍጣፋ ቦታ) ከፍ ብሏል ወይስ ወደ ውስጥ ገብቷል?

ማኅተም ሲሰነጠቅ ብረቱ ስንጥቁ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ሳንቲሙ ላይ የሚወጣው *ጉብ ያለ* ቀጭን መስመር ነው። ብዙ ጊዜ ከጠርዙ ይነሳና በፊደል መሃል ያልፋል፤ እንደ ወንዝ ትንሽ ይጠማዘዛል። በምስማር የተጫረ ግን ጎድጉዷል። ከጉድጓዱ ግራና ቀኝ ተገፍቶ የወጣ ቀጭን የብረት ከንፈር ታያላችሁ። ሜዳውን አልፎ ፊደሉ ላይ ሲወጣም ፊደሉን ይቆርጠዋል።

*ካልለየላችሁ፦* ዓይን በብርሃን ይታለላል፤ ጉድጓድ ጉብ መስሎ ይታያል። መብራቱን ወደ ሌላኛው ጎን አዙሩት። ጥላው ከአንበሳው ጎፈር ጥላ ጋር በአንድ በኩል ከወደቀ ጉብ ያለ ነው። በተቃራኒው ከወደቀ የጎደጎደ ነው። የአንበሳው ፊት ጉብ ያለ መሆኑን ስለምታውቁ እሱን መለኪያ አድርጉት።

አንድ ማሳሰቢያ፦ የጎደጎደ ሁሉ ጉዳት አይደለም። ማኅተሙ ላይ ቆሻሻ ወይም ክር ተለጥፎ ሳለ ሳንቲም ከተመታ፣ የቆሻሻው አሻራ ይጎደጉዳል። ግን ከንፈር የለውም። ስሩም ለስላሳ ነው።

ደረጃ 3፦ ጠርዙን አዙራችሁ እዩ

ጀማሪ ሁለቱን ፊት አይቶ ያበቃል። ሳንቲሙን የነካካ እጅ ግን አሻራውን ብዙ ጊዜ ጠርዝ ላይ ይተዋል።

1. ሳንቲሙን በሁለት ጣት ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ሙሉ ዙር አዙሩት።
2. በትይዩ የሚሄዱ ጥቃቅን ጭረቶች ካያችሁ ሞረድ ወይም ግራይንደር ነክቶታል።
3. ዙሪያውን የሚሄድ ስስ ስፌት ካያችሁ ተጠንቀቁ። ሁለት ሳንቲም ተቆርጦ ተጣብቋል፣ ወይም በቅርጽ ፈስሶ የተሠራ ነው። ሁለት ፊቱ አንበሳ የሆነ ሳንቲም ሲያመጡላችሁ መጀመሪያ የምትፈልጉት ይሄንን ነው። ስፌቱ ከጠርዙ ገባ ብሎ በአንዱ ፊት ዳር ሥርም ሊደበቅ ይችላል።
4. ጠርዙ ወደ ውስጥ የተጠቀለለ ከሆነ ለረጅም ጊዜ ሲቀጠቀጥ ወይም ሲንከባለል የኖረ ነው።

ማርትሬዛ ከሆነ ጠርዙ ላይ «ዩስቲትያ ኤት ክሌመንትያ» የሚል የላቲን ጽሑፍ ከጌጥ ጋር መኖር አለበት፤ «በፍትሕና በምሕረት» ማለት ነው። ጽሑፉ በአንድ ቦታ የተዳጠ ከሆነ የአንገት ጌጥ ሆኖ ማንጠልጠያ የተበየደበት ሊሆን ይችላል። የብየዳው ቦታ ቀለሙ ይለያል። በእናቶቻችን ሣጥን ውስጥ ካሉት ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። ጉዳት ነው፤ ግን ማንጠልጠያውን ለማንሳት እንዳትነካኩት። ጌጥነቱ የራሱ ታሪክ አለው።

ደረጃ 4፦ ከእነዚህ የቱ ነው?

ሀ. ምስሉ በግልባጭ ጎድጉዶ የታየ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልጽፍ ነው፤ እኔም ገንዘቤን ያጣሁበት ስለሆነ። ከዓመታት በፊት አንድ ሰው 50 ሳንቲም አሳየኝ። በአንዱ ፊት ፊደሎቹ እንደ መስታወት ተገልብጠው ጎድጉደዋል። እውነተኛ የሆነ እንዲህ ያለ ስህተት አለ። የተመታ ሳንቲም ማኅተሙ ላይ ተጣብቆ ይቀርና ቀጣዩን ባዶ ክብ ራሱ ይመታዋል። እሱ ነው ብዬ ገዛሁት።

ቤቴ ገብቼ በማጉያ ሳየው ከተገለበጡት ፊደሎች መሃል የአንበሳው አፍንጫ አለ። ተደፍጥጦ ጠፍጥፏል፤ ግን አለ። ጎፈሩም እዚህም እዚያም ብቅ ይላል። ማለትም ሳንቲሙ መጀመሪያ በትክክል ታትሟል። በኋላ ሌላ ሳንቲም ተደርቦበት በሞርሳ ተጨምቋል።

ለመለየት እንዲህ አድርጉ፦

1. በተገለበጠው ምስል ሥር የራሱ የሳንቲሙ ምስል ርዝራዥ አለ? ካለ ሞርሳ ነው። በእውነተኛው ላይ ያ ፊት ሌላ ምስል ኖሮት አያውቅም።
2. ግልባጩ ሙሉ ፊቱን ሸፍኗል ወይስ እዚህም እዚያም ብቻ ነው? ሞርሳ የሚያሳርፈው የተደረበውን ሳንቲም ከፍ ያሉ ቦታዎች ብቻ ነው።
3. ሌላኛውን ፊት እዩ። እውነተኛው ላይ ጥርት ብሎ ታትሟል። ሞርሳ የነካው ላይ ከፍ ያሉት ቦታዎች ተጨፍልቀው ያብረቀርቃሉ።

ለ. ቁራሽ የጎደለው

ክቦቹ ከዝርጉ ሲቆረጡ ማሽኑ ቀድሞ በተቆረጠ ቀዳዳ ላይ ከደገመ፣ ጨረቃ የመሰለ ጉድለት ይፈጠራል። ይህ እውነተኛ ነው። በመቀስ ወይም በመጋዝ ከተቆረጠው የሚለየው በሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፣ ከጉድለቱ *ፊት ለፊት* ያለውን የሳንቲሙን ዳር እዩ። በእውነተኛው ላይ ብዙ ጊዜ እዚያ ጋ ዳሩ ይደበዝዛል። ዳሩን ከፍ የሚያደርገው ማሽን በጉድለቱ በኩል የሚገፋው ነገር ስላጣ፣ በተቃራኒው በኩልም አይጨምቅም። ቆርጦ የሚሸጥ ሰው ይሄን ማስመሰል አይሆንለትም።

ሁለተኛ፣ ከጉድለቱ አጠገብ ያሉ ፊደሎች ወደ ጉድለቱ ይፈስሳሉ፣ ይሳሳሉ። በመቀስ የተቆረጠ ላይ ግን ፊደሉ ሙሉ እንደሆነ ቀጥ ብሎ ተቆርጧል።

ሦስተኛው ለአዲሶቹ ልባጥ ሳንቲሞች ነው። ልባጡ የሚለበጠው ክቡ ከተቆረጠ በኋላ ነው። ስለዚህ እውነተኛ ጉድለት የውስጥ ጠርዙም ተለብጧል። በኋላ የተቆረጠ ከሆነ ባዶ ብረት ይታያል። በእኛ ከተማ እርጥበት ደግሞ ያ ብረት ዝገት ለማውጣት ብዙ አይቆይም።

ሐ. ወደ ጎን የሸሸ ምስል

ባዶው ክብ በትክክል ሳይገባ ከተመታ ምስሉ በአንድ በኩል ይቆረጣል፣ በሌላ በኩል ምንም ያልታተመ ባዶ ጨረቃ ይቀራል። ባዶው ቦታ ላይ የተፈገፈገ ምስል ርዝራዥ ካለ፣ ወይም የዚያ በኩል ውፍረት ከቀነሰ፣ ተሞርዷል።

መ. ድርብ ፊደል

በጣም የሚበዛው ይሄ ነው፤ ብዙ ጊዜም ዋጋ የለውም። ማኅተሙ በምቱ ጊዜ ላላ ብሎ ከተንቀጠቀጠ ፊደሉን ጎኑን ይገፋዋል። ድርቡ *ጠፍጣፋ* እርከን ይመስላል፤ የፊደሉ ዋና አካልም ይቀጥናል። ማኅተሙ ራሱ ሲቀረጽ የተደረበ ከሆነ ግን ሁለቱም ፊደል ሙሉና ክብ ነው። ፊደሉ ይወፍራል እንጂ አይቀጥንም፣ ጫፉም ለሁለት ይከፈላል። ሰብሳቢ የሚፈልገው ሁለተኛውን ነው።

ሠ. መሃሉ የተዛባ 1 ብር

የ2002ቱ 1 ብር ሁለት ብረት ነው፤ ነጭ መሃልና ቢጫ ዳርቻ። ሁለቱ የሚጣበቁት በዚያው በምቱ ነው። ስለዚህ መፈተኛው ቀላል ነው። መሃሉ ከቦታው ሸሽቶ *ምስሉ ግን በትክክለኛ ቦታው* ካለ እውነተኛ ነው፤ ቀድሞ ሸሽቶ ነው የተመታው። ምስሉ ከመሃሉ ጋር አብሮ ከሸሸ ወይም ከዞረ፣ ሰው መትቶ አውጥቶ መልሶ አስገብቶታል። ማጋጠሚያውን ዞራችሁ እዩ፤ የመዶሻ ወይም የምስማር ምልክት፣ ሙጫ፣ ወይም ብርሃን የሚያሳልፍ ክፍተት ትፈልጋላችሁ። ጣታችሁን ጫን ስታደርጉ ቢነቃነቅ አትግፉት። ወድቆ ይወጣና ማስረጃውም አብሮ ይጠፋል።

ረ. እብጠትና ቀለም

ልባጥ ሳንቲም ላይ ጥቃቅን እብጠቶች ከማተሚያ ቤትም ሊወጡ ይችላሉ፤ ልባጡ ሥር የቀረ አየር ነው፣ የሚፈለግም አይደለም። ትላልቅ አረፋዎችና ጥቁር ወይም ሰማያዊ ነጸብራቅ አብረው ካሉ ግን ከሰል ውስጥ ወድቆ ነበር። መሃሉ ተበስቶ ምስማር ሥር እንደ ሮንዴላ ያገለገለም ይመጣል። የቀዳዳው ዳር በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው በኩል ከወጣ ምስማር ነው። ወርቃማ የተቀባ 25 ሳንቲምም «በሌላ ብረት የታተመ» ተብሎ ይቀርባል፤ ፊደሉ ሥር ቀለሙ የተከማቸበት ቦታ ይታያል።

ደረጃ 5፦ መዝኑ

ሳንቲሙን ከአምስቱ ጋር አንድ በአንድ መዝኑና ጻፉ። ምስሉ ሁሉ ደብዝዞ፣ ሳንቲሙ ሳስቶ፣ ክብደቱም ከአምስቱ በግልጽ ካነሰ ብዙ ጊዜ አሲድ የበላው ነው። አሲድ ሁሉንም ቦታ እኩል ይበላል፤ ሜዳው በማጉያ ሲታይ እንደ ቡርቡር አለት ይሆናል። ደካማ ምት ከሆነ ግን ምስሉ ይደበዝዛል እንጂ ክብደቱ አይቀንስም።

ማርትሬዛ 28 ግራም ከትንሽ ክፋይ ይመዝናል፤ ያረጀ ትንሽ ሊቀንስ ይችላል። ብዙ ካነሰ ተጠራጠሩት፤ ማግኔት ከሳበው ደግሞ ከብር የተሠራ አይደለም።

*ሚዛኑ የተለያየ ቁጥር ከሰጣችሁ፦* ማራገቢያ አጥፉ፣ መስኮት ዝጉ፣ ሦስት ጊዜ መዝናችሁ መሃለኛውን ውሰዱ።

ደረጃ 6፦ መሃል ላይ ከተጠራጠራችሁ

ይከሰታል። ሁለት ደረጃ «እውነተኛ» ይላችኋል፣ አንዱ «ጉዳት» ይላል። በዚህ ጊዜ ድምፅ አትቁጠሩ። የጉዳቱ ማስረጃ ያሸንፋል። ጠርዙ ላይ የሞረድ ጭረት ካለ ሌላው ሁሉ ቢያምርም ሳንቲሙ ተነክቷል። እውነተኛ ስህተት በኋላ ሊጎዳ መቻሉ እውነት ነው፤ ከዚያ ወገን ነው ለማለት ግን የስህተቱን ምክንያት በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር መቻል አለባችሁ። «ማሽኑ ድሮ የተቆረጠ ቀዳዳ ላይ ደገመ» ማለት ይቻላል። «እንዲሁ የተለየ ነው» ማለት ግን ማብራሪያ አይደለም።

ለሌላ ሰው ስታሳዩ አራት ፎቶ አንሱ፦ ሁለቱን ፊት፣ ጠርዙን፣ ከጎን በበራ መብራት የችግሩን ቦታ። ጤነኛ ሳንቲም አጠገቡ ይኑር። አንድ ደብዛዛ ፎቶ ልኮ «ምንድን ነው?» ማለት ለማንም አይጠቅምም።

ደረጃ 7፦ ከመሸጥ ወይም ከመግዛት በፊት

የምትገዙ ከሆነ ማጉያውን ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ «እዚህ ጨለማ ነው፣ ቤትህ ታየዋለህ» ካለ ደጅ ላይ እንውጣ በሉት። እኔ ያኔ ደጅ ወጥቼ ባየው ኖሮ የአንበሳውን አፍንጫ አየው ነበር።

መሠረት ሲቆፈር ወይም ሲታረስ የተገኘ ጥንታዊ ገንዘብ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት እንዲህ ያለ ግኝት ለሚመለከተው አካል ይነገራል፤ ያለ ፈቃድም ከአገር አይወጣም። ጅማ ላይ የምትኖሩ የከተማውን ባህል ጽሕፈት ቤት ጠይቁ።

ደረጃ 8፦ ማስቀመጥ

ሳንቲሙን በደረቅ ወረቀት ፖስታ አስቀምጡ። ላስቲክ ከረጢት ውስጥ አትክተቱ፤ በክረምት ውስጡ ያልበዋል፣ አንዳንዱ ላስቲክም አረንጓዴ ቅባት ይተዋል። ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚመጣውን የእርጥበት መምጠጫ ከረጢት አትጣሉ፤ ሣጥኑ ውስጥ ጨምሩት። ፖስታው ላይ መቼና የት እንዳገኛችሁት፣ ስንት እንደመዘነ፣ ጠርዙ ላይ ምን እንዳያችሁ ጻፉበት። ስትጽፉ ሳንቲሙ ፖስታው ውስጥ አይሁን፤ እስክሪብቶ ሲጫን ይጭረዋል።